ሲሊኮን 62፣ ብረት 48፦ ሞተሩ ይውረድ ወይስ አይውረድ?

ባለ ኮሮላ (ጅማ፣ ቆጪ)፦
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ የቤንዚን፣ ሞተሯ 1.8። ሥራዬ ቡና ስለሆነ አንድ ሰሞን ከተማ ውስጥ አጫጭር መንገድ እመላለሳለሁ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ሊሙና ወደ ጌራ ጠጠር መንገድ እወጣለሁ። በቅርቡ ዘይት መብላት ጀምራለች። ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ የዶዘርና የኤክስካቫተር ዘይት የሚመረመርበት ቦታ ይሠራል። ዘይት ሳስቀይር ከአሮጌው ናሙና ላኩለት። ውጤቱ ይኸው፦

ዘይቱ 5ደብሊው-30፣ 6,200 ኪሎ ሜትር የሄደ። ብረት 48፣ አሉሚኒየም 19፣ ክሮሚየም 5፣ መዳብ 8፣ እርሳስ 3፣ ቆርቆሮ 1፣ ሲሊኮን 62፣ ሶዲየም 6፣ ፖታሲየም 2፣ ካልሲየም 2,140፣ ዚንክ 870፤ ሁሉም በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)። ውፍረት በ100 ዲግሪ 9.0 ሴንቲስቶክ። ቤንዚን 2.5 በመቶ። ውሃ የለም። ቲቢኤን 3.4።

ሲሊኮኑና ብረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለ። መካኒኬ ወረቀቱን አየና «ይሄ ሁሉ ብረት ከወጣማ ሞተሩ ይውረድ፤ ቴስታታውም ሳይነካ አልቀረም» አለኝ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ካልሲየሙና ዚንኩ ነው። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ሞተር ማስወረድ ዛሬ ስንት እንደሚጠይቅ ታውቁታላችሁ።

የናፍጣ ልጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ካልሲየሙንና ዚንኩን እርሻቸው። ዘይቱ ሲመረት የተጨመሩ ናቸው። ካልሲየሙ ሞተር ያጥባል፣ አሲድ ያረክሳል። ዚንኩ ብረት ከብረት እንዳይፋቅ ይከላከላል። ካንቺ ሞተር የወጣ ነገር አይደለም። ቲቢኤኑም 3.4 ከሆነ ዘይቱ አሲድ የመቋቋም አቅሙ ገና አላለቀም።

ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ ወዳለው የሞተሩ ራስ ልምጣ። ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተበልቶ ኩላንት ዘይት ውስጥ ቢገባ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ይዘሉ ነበር። 6 እና 2 የሚያሰጋ አይደለም። መዳብ፣ እርሳስና ቆርቆሮም ዝቅ ያሉ ናቸው። ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ልባስ) ተበልቶ ቢሆን እነሱ ነበሩ የሚናገሩት።

የቀሩት ሲሊኮን፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ክሮሚየም ናቸው። አራቱ አብረው ከፍ ሲሉ እኔ የምጠረጥረው አቧራ ነው። አፈር በአብዛኛው ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያለበት ነው። በአየር መግቢያው ሾልኮ ሲገባ ፋሻውንና (የፒስተኑን ቀለበትና) ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ብረቱ ከሲሊንደሩ፣ ክሮሚየሙ ከፋሻው ይመጣል። አሉሚኒየሙ ከአፈሩም ከፒስተኑም ሊሆን ይችላል። ሞተር ከማስወረድሽ በፊት ኮፋኖውን ክፈቺና ከአየር ፊልትሮው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ እዪ።

ከአጋሮ፦
አቧራ ነው ከማለታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። በቅርቡ የቫልቭ ክዳኑ ወይ ኮፓው (ከታች ዘይቱ የሚጠራቀምበት) ተከፍቶ ነበር? ጋራዥ ውስጥ ለማሸጊያ የሚቀባው ሲሊኮን እንደ ጉድ ነው የሚለቀለቀው። እሱም ዘይት ውስጥ እየገባ ቁጥሩን ያስዘልለዋል።

ባለ ኮሮላ፦
አዎ፣ የቫልቭ ክዳኑ ዘይት ስላንጠባጠበ ተከፍቶ ሲሊኮን ተቀብቶበታል።

ከአጋሮ፦
በቃ፣ ተገኘ!

የናፍጣ ልጅ፦
ኧረ አልተገኘም ወንድሜ። ያ ቅባት የሚያስዘልለው ሲሊኮኑን ብቻ ነው፤ ሞተር አይፍቅም። ታዲያ ብረት 48 ከየት መጣ? ከ62ቱ ላይ የተወሰነው ከቅባቱ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ግን 6 ሺህ ኪሎ ሜትር በሄደ የቤንዚን ሞተር ዘይት ውስጥ ብረቱ ከ20 ባያልፍ ነው ደስ የሚለኝ።

ከአጋሮ፦
እሺ፣ ለብረቱ መልስ የለኝም።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦
ሁላችሁም ውፍረቱን ዘላችሁታል። 30 የተባለ ዘይት በ100 ዲግሪ ከ9.3 ሴንቲስቶክ በታች መውረድ የለበትም። 9.0 ማለት ወደ 20 ደረጃ ወርዷል ማለት ነው። ምክንያቱም እዚያው ወረቀት ላይ አለ፤ ቤንዚን 2.5 በመቶ።

ከቆጪ መርካቶ፣ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ እያሉ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ማጥፋት ይህን ያመጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይበዛለታል። ያልተቃጠለው በፋሻው በኩል ወደ ኮፓ ይወርዳል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ብዙው ይተናል። ስለዚህ ናሙናው ከሊሙ መልስ ነው የተወሰደው ወይስ ከተማ ውስጥ ሲመላለሱ ሰንብተው?

ሌላው፣ ቴርሞስታቱ ቦታው ላይ አለ? «ሞተር ያሞቃል» እየተባለ ወጥቶ የሚጣልበት መኪና ብዙ ነው። ያኔ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት አያገኝም። ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ከጅማ ሰቃ እስኪደርሱ መርፌው ወደ መሀል ካልመጣ እሱን ይጠርጥሩ።

ጋሽ ሾፌር፦
ልጄ፣ 20ደብሊው-50 አስገቢበትና ተገላገይ። እኛ ስንቱን መኪና በሱ ነድተናል። ዘይት መብላቱም ይቀንሳል።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ወፍራም ዘይት የሚገባውን አቧራ አያቆምም። ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ። ደግሞ ቪቪቲአይ ያለው ኮሮላ ከሆነ የቫልቭ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ወፍራም ዘይት ቶሎ አይደርስለትም። የመኪናው መመሪያ የሚለውን ዘይት ያስገቡ።

ባለ ሚኒባስ፦
ስለ ቴስታታው እንዲህ በቶሎ እፎይ አትበሉ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ነው ወይስ የቧንቧ ውሃ? ተራ ውሃ ከሆነ ሶዲየምና ፖታሲየም ዝቅ ማለታቸው ምንም አያረጋግጥም። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ራሱ ይተናል። ናሙናውስ በምን ተቀዳ? በተገኘው ሃይላንድ ከሆነ፣ የኮፓው ታፖ ዙሪያም ሳይጠረግ ከተከፈተ፣ የምታወሩት ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ጭቃው ነው።

ባለ ኮሮላ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ነው፤ ውሃም አይጎድልም። ጠርሙሱን የላከልኝ ወንድሜ ነው፣ የታሸገ። ሞተሩ ሞቆ፣ ታፖው ተጠርጎ፣ የመጀመሪያው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ መሀል ላይ ተቀዳ። ከዚያ በፊት ግን ሳምንቱን ሙሉ ከከተማ አልወጣሁም። የሙቀት መርፌው እንዳላችሁት ዝቅ ይላል። ቴርሞስታቱን ነገ አስከፍተዋለሁ።

ዋናው ነገር ፊልትሮው ነው። ዛሬ ጠዋት ከፈትነው። ሰርቪስ በገባች ቁጥር በኮምፕሬሰር ሲነፋ የኖረ ነው። ወደ ፀሐይ ስይዘው በወረቀቱ እጥፋት መሀል ብርሃን ያሳልፋል። ዙሪያው ያለው ጎማም ደርቆ ተሰንጥቋል። ከፊልትሮው ሳጥን የሚወጣው ቱቦ ላይ ያለው ፋሼታ (ማጥበቂያው) ደግሞ በእጅ ይዞራል። ቱቦውን ነቅለን ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠረግነው፤ ጨርቁ ቀይ ሆኖ ወጣ። መካኒኬ ዝም አለ። አሁን የገባውን አዲስ ዘይት ምን ላድርገው?

የናፍጣ ልጅ፦
ከፊልትሮው ወዲህ፣ ንጹሕ አየር ብቻ ማለፍ ባለበት ቱቦ ውስጥ ቀይ አፈር ከተገኘ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል። ፊልትሮውን ቀይሪ። ሁለተኛ በኮምፕሬሰር አታስነፊ። ፋሼታውንም ቀይሪ፤ ቱቦውን እጠፍ ዘርጋ አድርገሽ ስንጥቅ ፈልጊበት። የፊልትሮውን ሳጥን እጥቢ።

አቅም ከፈቀደ ይሄንንም ዘይት ከነዘይት ፊልትሮው አውጪው፤ አቧራ ቀምሷል። ካልሆነ ግን ብዙ አትግፊበት። ከተቀየረ በኋላ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ናሙና ላኪ። ከከተማ ምልልስ ሳይሆን ከረጅም መንገድ መልስ ይሁን።

ያኔ ሲሊኮኑን ብቻ አትዪ፤ የቫልቭ ክዳኑ ቅባት አንድ ሁለት ዙር ሊያቆየው ይችላል። ብረቱን እዪ። አሁን በየሺህ ኪሎ ሜትሩ ወደ 8 ገደማ ይወጣል። 3 ሺህ ላይ 24 አካባቢ ከሆነ አየሩ አሁንም የሆነ ቦታ ይሾልካል። 10 አካባቢ ከወረደ ፍቂያው ቆሟል።

ዘይት መብላቱ ለብቻው ይታይ። አቧራው ፋሻውን ምን ያህል እንደጎዳው ወረቀቱ አይነግርሽም። ኮምፕሬሽን አስለኪ፤ ሞተር ሳይወርድ ካንዴላ ተፈትቶ የሚሠራ ሥራ ነው። አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ካወጣና ከመመሪያው በታች ካልወረደ፣ ለመካኒክሽ አይወርድም በዪው።