ኤር ፍራየር ለሐዋሳ ሰው ምን ይሠራል?

የአቶቴዋ፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል። ኤር ፍራየር፣ ያ ያለ ብዙ ዘይት ይጠብሳል የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ያላችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ነገሩ የጀመረው ቲክቶክ ላይ ነው። ማታ ከሥራ መጥቼ የምሳውን ሽሮ አሙቄ፣ ስልኬን የውሃ ጆግ ላይ አስደግፌ ነው የምበላው። አንዷ ዱባይ የምትኖር የኛ ልጅ ድንች ትከትፍና፣ ዘይት በማንኪያ ጠብ ታደርግበትና መሳቢያውን ገፋ ታደርገዋለች። ሲወጣ ድንቹ ወርቅ መስሏል። በጣቷ ሰበር ስታደርገው ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ነው የገደለኝ። የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቆሞ ቀረ። አንዱን ካየሁ ወዲህ ደግሞ ስልኩ ነገሬ ገብቶታል፤ ዶሮው፣ ሳምቡሳው፣ ኬኩ ሳይቀር፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል፣ ቀና ስል አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ሽሮዬም በርዷል።

ከዚያ ቴሌግራም ገባሁ። አምስት የዕቃ ቻናል ተቀላቀልኩ። ሁሉም የሚለጥፉት አንድ ፎቶ ነው። ዋጋ ብትፈልጉ የለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ለምን? ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ዋጋውን ጆሮዬ ላይ ቢያንሾካሹክልኝ እኮ ሮጬ ነው የምወጣው። እሺ ብዬ ጻፍኩለት። «ሰላም ውዴ፣ የት ነሽ?» አለኝ። ሐዋሳ አልኩት። ዋጋ ነገረኝ። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ለዚያው ሰው ጻፈችለት፣ ለሷ ቀንሶ ነገራት። መላኪያው ገና ሳይጨመር ነው እንግዲህ። ለ«ውዴ»ም እየከፈልኩ ይሆን?

ዋጋው የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያልፋል። ደግሞ የምኖረው ግቢ ውስጥ ነው፣ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ። አከራያችን ካውያ ስሰካ እንኳ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

እውነተኛው ሰበቤ ግን ዓሣ ነው። ቤት ውስጥ ዓሣ ስጠብስ ዘይቱ እየተፈናጠረ እጄን ይለበልበኛል፣ ሽታው መጋረጃው ላይ ሦስት ቀን ያድራል፣ ዘይቱም ከዚያ በኋላ ለሌላ ወጥ አይሆንም። የዘይትን ዋጋ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ቆሮሶ በኤር ፍራየር ጠብሶ የበላ አለ?

ባለ ዳንቴሉ፦
እኔ አለኝ። ማለቴ እናቴ ፍሪጅ ላይ አለ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ።

የገዛሁት በ2016 ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ዶላሩ በገበያ ይመራ የተባለ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሃምሳ ምናምን የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ። ሰዉ ሁሉ «ነገ ይጨምራል፣ ዛሬ ግዛ» እያለ ሲሯሯጥ እኔም የማያስፈልገኝን ነገር ሮጬ ገዛሁ። የቴሌግራም ሻጩ ስድስት ሊትር ነው ብሎኝ ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። በአውቶብስ መጣልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ ቀሪውን ከፍዬ ተሸክሜ ገባሁ። ቤት ከፍቼ ሳየው ሦስት ተኩል ሊትር ነው። ፎቶው ላይ ሙሉ ዶሮ ተዘርጥጦ ተቀምጧል። የኔው ላይ ግማሽ ዶሮ እንኳ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚገባው። ስጽፍለት መጀመሪያ «ውዴ» ቀረ፣ ቀጥሎ መልስ ቀረ፣ በመጨረሻ ፎቶው ራሱ ጠፋብኝ፤ ብሎክ አድርጎኛል።

እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ድንች ሠራችበት። በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ ነገር ያደርቃል እንጂ አይጠብስም» ብላ ዳንቴሉን አለበሰችው። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ የትናንት ሳምቡሳና የደረቀ ዳቦ ሲያሞቅ የሚያህለው የለም። ሳምቡሳው ልክ አሁን ከዘይት የወጣ ይመስላል። ዓሣ ግን አልሞከርንም፣ እናቴ ዓሣ ከገባበት ዕቃው ዓሣ ዓሣ ይላል ብላ ከለከለች።

ጎረምሳው፦
የሽንኩርት መክተፊያ። የእንቁላል መቀቀያ። የእግር ማሻሻ። ሦስቱንም ሌሊት ተኝቼ ነው ያዘዝኳቸው። እንቁላሉን አሁንም በድስት ነው የምቀቅለው።

ገመድ ፈቺው፦
የመብራት ሠራተኛ ነኝ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት የዚህ ዓይነት ዕቃ ያስጠሩኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ስሙ ነው የሚያሳስተው። ጥብስ የለም። ከላይ የሚግል ሽቦ አለ፣ ከሽቦው በላይ ፋን አለ፣ ፋኑ ትኩሱን አየር ጠባብ ዕቃ ውስጥ ያሽከረክረዋል። አለቀ። ትንሽዬ ፋን ያላት ኦቨን በያት። ፊሊፕስ በዚህ ስም ገበያ ላይ ያወጣው በፈረንጆቹ 2010 ነው፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ለዚህ ነው በዱቄት ውሃ የተነከረ ዓሣ የማይሆነው፤ ሊጡ ሳይይዝ በወንፊቱ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ደረቅ ዱቄት ብቻ ነስንሰሽ ካስገባሽ ደግሞ ፋኑ ያበነዋል። ዘይት በትንሹ መቀባት አለበት።

ስለ ቆጣሪው ላነሳሽው ደግሞ፣ አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚገባው 1500 ዋት አካባቢ ነው። ለሃያ ደቂቃ ብትሠሪበት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እሱም ሽቦው እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ ከዚያ ያንሳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3500 ዋት ወዲያ ነው። አከራይሽ ምጣድ ከፈቀዱልሽ ይሄን የሚከለክሉበት ምክንያት የለም።

የሚያቃጥለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ዲቫይደር። ባለፈው አንድ ቤት ሄድኩ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ኤር ፍራየር በአንድ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ በሌላ ዲቫይደር። ሶኬቱን ስነቅለው ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ተሳበ። ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኪው። ሁለተኛ፣ ከሻጩ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ ጠይቂ፣ የፊቱን አይደለም። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ነው የሚለው፤ እዚህ 220 ላይ ስትሰኪው አንድ ጊዜ ጭስ ያወጣና ያበቃለታል። ከዱባይ የመጣው ቮልቴጁ ይስማማል፣ ግን ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። መንገድ ላይ በሚሸጠው ርካሽ መቀየሪያ እንዳትሰኪው፣ ጥርሱን አስቆርጠሽ ደህና ሶኬት አስገጥሚለት።

የግቢው እመቤት፦
ልጄ፣ እኔ አከራይ ነኝ። ሁልጊዜ በመስኮት የምናይ ክፉዎች ተደርገን መሳላችን ሰልችቶኛል፣ ዛሬስ እናገራለሁ።

የመብራት ሒሳብ እኮ እርከን አለው። ትንሽ የተጠቀመ በትንሽ ዋጋ ይከፍላል፣ አጠቃቀሙ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ ብትጠቀሙ እንኳ ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው፣ ቀጥታ ላይኛው እርከን ያወጣናል። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ነው የሚጨምረው። ቢሉ ሲመጣ አምስቱ «እኔ አምፖል ብቻ ነው ያለኝ» ይሉኛል። ታዲያ በመስኮት ባላይ በምን ልይ?

ደብቀሽ አትግዢው። አምጪና አሳዪኝ፣ ማለቴ ለአከራይሽ አሳዪያቸው፣ «በወር ይሄን ያህል እጨምራለሁ» በያቸው። የተደበቀ ዕቃ ሽታው ያሳብቃል። እኔ ግቢ የነበረ ልጅ ምድጃ አልጋ ሥር ይደብቅ ነበር፣ ሽንኩርቱ ግን አጥር ተሻግሮ ይጠራኝ ነበር።

ሻጩም ሰው ነው፦
እኔ የዕቃ ቻናል አለኝ። ከተሰደብኩ አይቀር ልናገርና ልሰደብ።

ዋጋ የማንጽፈው ለምን መሰለሽ? ፎቶው ሁሉ ለምን አንድ እንደሆነ ካወቅሽ መልሱ እዚያው ነው። አብዛኞቻችን ዕቃው እጃችን ላይ የለም። መርካቶ ያለ አከፋፋይ ፎቶ ይለቃል፣ እኛ አንስተን እንለጥፋለን፣ አንቺ እሺ ስትዪ ሄደን እንገዛልሻለን። ዋጋ ብጽፍ ጎረቤቴ ሻጭ መቶ ብር ቀንሶ ከሥር ይለጥፋል። አከፋፋዩም ጠዋት የነገረኝን ከሰዓት ይቀይረዋል። ይሄ እውነት ነው።

ሌላውም እውነት ነው። ስትጽፊልኝ ፕሮፋይልሽን አያለሁ። ከተማሽን እጠይቃለሁ። ክፍለ ሀገር ከሆንሽ መልሰሽ እንደማታመጪው አውቃለሁ፣ እና ትንሽ እጨምራለሁ። ሁሉም ያደርገዋል አልልም፣ እኔ ግን አድርጌ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክሬ፦ ቀብድ አትላኪ። «አሁን በእጅህ ይዘህ፣ ስሜን ወረቀት ላይ ጽፈህ አጠገቡ አድርገህ ቪዲዮ ላክልኝ» በይ። ዕቃው ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ይልካል። የሌለው «ውዴ ነገ» ይልሻል።

የሐይቅ ዳሩ፦
ሰው ግን ምን ነካው? ሐይቁ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው! ዓሣ ደጃችሁ ላይ እየዘለለ እናንተ አልጋ ላይ ሆናችሁ የዱባይ ድንች ታያላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ውረጂ። ጀልባዎቹ ሲገቡ ድረሺ። ልጆቹ ቆሮሶውን ሲበልቱ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቢላዋው አንድ ጊዜ በጎን ይገባል፣ ሥጋው ይነሳል፣ ከዚያ ቆዳውን በጥርስ ነክሶ በእጁ ይስበዋል፣ ሸርተት ብሎ ይላቀቃል። አባ ኮዳ አሞራዎቹ እንደ ሽማግሌ ኮታቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ፍርፋሪውን ይጠብቃሉ። አንዱ ባለፈው ከእጄ ላይ ሊነጥቀኝ ነበር። ጥብሱን እዚያው ይሠሩልሻል፤ ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ፣ ክንፉ እንደ ብስኩት እስኪሰበር። በዳጣና በሎሚ። ይሄን ማሽን አይሠራውም፣ በቃ።

ቤት እጠብሳለሁ ካልሽ ደግሞ የሚፈናጠረው ዘይቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ዓሣውን አጥበሽ በእርጥቡ ነው የምትጨምሪው አይደል? በጨርቅ አድርቂው፣ ጨው ነስንሰሽ ትንሽ አቆዪው፣ የወጣውን ውሃ እንደገና ጥረጊ፣ ከዚያ ዘይቱ በደንብ ሲግል አስገቢ። እጅሽ አይቃጠልም። ሽታውን ግን እንጃ፣ ዓሣ ነዋ!

ባለ ዳንቴሉ፦
የሐይቅ ዳሩ፣ ዓሣው በር ላይ ነው ትላለህ፣ ግን እዚያ ቅዳሜ ሄዶ ቁጭ ብሎ መብላትም ኪስ ይጠይቃል። በጾም ጊዜማ አትጠጋውም። ሰው ቤቱ መሥራት ቢፈልግ አይፈረድበትም።

የአቶቴዋ፣ እናቴን አስፈቅጄያለሁ። ዓሣሽን ይዘሽ ነይና ሞክሪበት፣ ከጨረስሽ በኋላ ግን አጥበሽ ነው የምትሄጂው ብላለች። በሎሚ።

የአቶቴዋ፦
ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ሁለቱንም አደረግኩት።

ጠዋት አሞራ ገደል ወርጄ ሁለት ቆሮሶና ትንሽ የተበለተ ሥጋ ገዛሁ። ከዚያ ባለ ዳንቴሉ ጋ። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ፌስታሌን በጥርጣሬ አዩት፣ ግን ቡና አፈሉልኝ። ሙሉው ቆሮሶ ዕቃው ውስጥ አልገባም፤ ጭራው ወጣ፣ ጭንቅላቱን ቆረጥን፣ አሁንም ተጨናነቀ። ከላይ ቆዳው ደረቀ፣ ከታች ግን የተቀቀለ ዓይነት ነበር። እትዬ አንድ ጊዜ ቀመሱና «የታመመ ሰው ምግብ» አሉ። የተበለተውን ሥጋ ግን ዘይትና ዳጣ ቀብቼ አሥራ ሁለት ደቂቃ አቆየሁት፣ እውነት ለመናገር ጣፈጠኝ። ጥብስ አይደለም። ግን ጣፈጠኝ፣ መጋረጃቸውም አልሸተተም። እትዬም ሁለተኛ ቁራጭ አንስተዋል፣ አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ቆሮሶ ማታ ቤቴ በድስት ጠበስኩት። በፎጣ አድርቄ፣ እንደተባልኩት። ሁለት ጠብታ ብቻ ነው የነካኝ። ለአከራዬም ግማሹን ላክሁላቸው፣ ሳህኑን ሲመልሱ ቲማቲም ሞልተውበት ነው።

ማሽኑን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ለቴሌግራሙ ሰውዬ ግን ለማወቅ ያህል ጻፍኩለት፤ በእጅህ ይዘህ፣ ስሜን ወረቀት ላይ ጽፈህ ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት።

«ውዴ ነገ» ብሎኛል።