የሱፐርስቲሽን ተራራ የጠፋ ወርቅ፦ ይህ ካርታ 120 ዶላር ያወጣል?

መንገደኛው
ጤና ይስጥልን ወገኖች። በአሜሪካ አሪዞና ከፊኒክስ ከተማ በስተምሥራቅ ያለውን የሱፐርስቲሽን ተራራ ለምታውቁ ጥያቄ አለኝ። በኅዳር መጨረሻ 18 ሆነን በእግር ልንጓዝ ነው። ከመካከላችን አንዱ የ«ጠፋው የደች ሰው ማዕድን» የተባለውን፣ እዚያ ተደብቋል የሚባል የወርቅ ጉድጓድ የሚያሳይ ካርታ ቅጂ በ120 ዶላር ሊገዛ ተስማምቷል፤ የብረት መፈለጊያ መሣሪያም ሊከራይ ነው። ካርታው ላይ «ከቀኑ 10 ሰዓት የዊቨር መርፌ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበት» የሚል ምልክትና 1847 የሚል ዓመት አለ፤ የዊቨር መርፌ እዚያ ያለ የድንጋይ ምሰሶ ነው። ነገሩ እውነትነት አለው? ብናገኝስ መቆፈር ይፈቀዳል? ውኃስ ስንት እንያዝ?

የሰነድ ሰው
ወንድሜ፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ በመጠየቅህ ጥሩ አደረግህ።

«የደች ሰው» የተባለው ሰው በእርግጥ ነበረ። ጄኮብ ዋልትዝ ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። «ደች» የተባለው ጀርመኖች ራሳቸውን «ዶይች» ስለሚሉ ነው እንጂ ከሆላንድ መጥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1891 የሶልት ወንዝ ሞልቶ ፊኒክስን ሲያጥለቀልቅ እርሻው ተበላሸ፤ ታመመና በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ጁሊያ ቶማስ በምትባል ሴት ቤት አረፈ። አልጋው ሥር በሣጥን ወርቅ ያለበት ድንጋይ ነበረ፣ ቦታውንም በመጨረሻ ሰዓቱ ነገራት ይባላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ በል። ጁሊያ በ1892 በጋ ከሁለት ወንድማማቾች ጋር ተራራውን ፈትሻ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያ ካርታ መሸጥ ጀመረች። በ1895 ቢክኔል የሚባል ጸሐፊ ታሪኩን በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ አወጣው፤ ዛሬ በየካርታው የምታያቸው «ምልክቶች» የተሰራጩት ከዚያ ወዲህ ነው። ዋልትዝ በሱፐርስቲሽን ተራራ ውስጥ በስሙ ያስመዘገበው ማዕድን የለም። በ1860ዎቹ ያስመዘገባቸው ከፕሬስኮት ከተማ ደቡብ ባለው የብራድሾ ተራራ አካባቢ ነው፤ ያም በሌላ አቅጣጫ ነው።

1847 የሚለው ዓመት የፔራልታ ቤተሰብ ከሚባለው ሌላ አፈ ታሪክ የመጣ ነው። ከሜክሲኮ መጥተው ወርቅ ሲያወጡ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት አፓቼዎች ፈጇቸው ይባላል፤ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን የለም። የፔራልታ ስም በአሪዞና የገነነው ጄምስ ሪቪስ የሚባል ሰው በ1880ዎቹ በሐሰተኛ የስፔን የመሬት ስጦታ ሰነድ ሚሊዮኖች ሄክታር ለመውሰድ ሲሞክር ነው። ፍርድ ቤት በ1895 ሰነዱን ሐሰተኛ ብሎ ጣለው። በ1949 ተገኙ የተባሉት የተቀረጹ ድንጋዮችም 1847 ተጽፎባቸዋል፤ ስፔንኛቸው ግን የፊደል ስሕተት የበዛበት ነው። የጓደኛህ ካርታ ዓመቱን የወሰደው ከእነዚያ ድንጋዮች ይመስለኛል።

ጥላ ለኪ
እኔ የጥላውን ነገር ላስረዳ፤ በቁጥር ሲታይ ካርታው ራሱን ያጋልጣል።

የዊቨር መርፌ ጫፉ ከባሕር ወለል 1,388 ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ ምሰሶ ነው። ከሥሩ 300 ሜትር ይቆማል ብለን መሬቱንም ሜዳ አድርገን እንያዘው። በፀሐይ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፦

በሰኔ ረጅሙ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 37 ዲግሪ ላይ ትሆናለች፤ ጥላው 400 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በታኅሣሥ አጭሩ ቀን ግን ፀሐይ ከ10 ዲግሪ በታች ናት፤ ጥላው 1,800 ሜትር ደርሶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ነው። መሬቱ ደግሞ ሜዳ ሳይሆን ገደልና ሸለቆ ስለሆነ ልዩነቱ ይብሳል። ቀኑን ሳይናገር «10 ሰዓት» ብቻ የሚል ካርታ የትኛውንም ነጥብ አያሳይም። ሰዓቱም በፀሐይ ይሁን በባቡር ሰዓት (ለሰፊ አካባቢ በአንድነት በተወሰነው ሰዓት) አይታወቅም፤ በዚያ ስፍራ ሁለቱ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይለያያሉ።

አለት አንባቢ
በድንጋዩ በኩል ስናየውም ተስፋው ጠባብ ነው። የተራራው መካከል ከ29 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረ እሳተ ገሞራ የተሠራ የአመድ ድንጋይ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ወርቅ አይገኝም።

ጥላ ለኪ
ይቅርታ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልክ አይደለም። በኮሎራዶ ክሪፕል ክሪክ፣ በኔቫዳ ራውንድ ማውንቴን የወጣው ወርቅ ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዘ ነው።

አለት አንባቢ
እውነትህን ነው፣ አርመኸኛል። እንዲህ ልበለው፦ እሳተ ገሞራ ብቻውን አይበቃም፤ ወርቅ ያዘለ ሙቅ ውኃ በስንጥቁ አልፎ የኳርትዝ ደም ሥርና ቀለሙ የተለወጠ ድንጋይ መተው አለበት። በዚያ አካባቢ በእርግጥ ወርቅ የወጣው ከተራራው በስተምዕራብ ባለው ጎልድፊልድ ነው። በ1892 ተገኘ፣ ማሞዝ የሚባለው ማዕድን ቆፋሪዎቹን ጥቂት ዓመት አበለጸጋቸው፤ ወርቁም ያለው ከአመዱ ድንጋይ ሳይሆን ከእርሱ እጅግ ከሚያረጀው ግራናይት ጋር ተያይዞ ነው።

የሚያብረቀርቅ ነገር ካያችሁ ሳትነቅሉ በመርፌ ጫፍ ጫን በሉት። ወርቅ ይጎደጉዳል፣ አይሰበርም። የሞኝ ወርቅ የሚባለው ፒራይት ይፈረካከሳል፤ ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፈገፈግም ጥቁር አረንጓዴ መስመር ይተዋል፣ ወርቅ ግን ቢጫ። በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ደግሞ ሚካ ነው፤ ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ አይንሳፈፍም።

የጫካ ሕግ
ካርታውም መሣሪያውም ሳይገዛና ሳይከራይ ይህን አንብቡ።

ቦታው 160,000 ኤከር የሚሆን ጥብቅ ምድረ በዳ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የቶንቶ ብሔራዊ ደን ነው። ከታኅሣሥ 31፣ 1983 እኩለ ሌሊት በኋላ አዲስ የማዕድን ይዞታ ማስመዝገብ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ወርቅ ብታገኙም የእናንተ አይሆንም። የተቀበረ ሀብት መፈለግ ለብቻው ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን የሰው እጅ ሥራ፣ የሸክላ ስብርባሪም ቢሆን፣ ማንሳት በ1979 በወጣው የቅርስ ሕግ ወንጀል ነው። እዚያ የጥንት ሕዝቦች ቤቶች አሉ፤ ለአፓቼና ለኦድሃም ሕዝቦችም ተራራው ክቡር ስፍራ ነው።

ደግሞ 18 ሆናችሁ በአንድ ቡድን መግባት አትችሉም፤ ገደቡ 15 ሰው ነው። ሁለት ቡድን ሁኑና በተለያየ መነሻ ግቡ፤ አንዱ በፔራልታ፣ ሌላው በፈርስት ዋተር።

ኮዳ
ስለ ውኃ የተጠየቀው አልተመለሰም። በኅዳር መጨረሻ ለአንድ ሰው ለቀኑ 4 ሊትር ያዙ። ከፔራልታ መነሻ እስከ ፍሪሞንት ኮርቻ (በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለ ዝቅ ያለ መተላለፊያ) 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 400 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ የዊቨር መርፌ ከዚያ ፊት ለፊት ይታያል። ልጆችና አረጋውያን ካሉ እዚያው ምሳ በልታችሁ ተመለሱ። የብዙዎች ስሕተት ውኃው ሲያልቅ ለመመለስ ማሰብ ነው፤ ግማሹ ሲጎድል ወደኋላ ዙሩ። «ፈርስት ዋተር» የሚለውን ስም አይታችሁ ምንጭ አገኛለሁ አትበሉ፣ ጅረቶቹ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ናቸው።

አዶልፍ ሩት የሚባል ሰው ይህንኑ ማዕድን ፍለጋ ካርታ ይዞ በሰኔ 1931 ብቻውን ገባ፤ እግሩም ጉዳት ነበረበት። የራስ ቅሉ የተገኘው በታኅሣሥ ነው። የቅሉ ቀዳዳ የጥይት ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላበቃም፤ ሰኔ ላይ ግን በዚያ በረሃ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ያም ብቻውን ይገድላል።

ማበጠሪያ በየቦርሳው ይኑር። ቾላ የሚባለው ቁልቋል ቆዳ ላይ ሲጣበቅ በእጅ ከነካችሁት ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በማበጠሪያ ከሥሩ ፈንቅሉት። አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ካያችሁ አፉ ላይም አትቁሙ፤ ጠርዙ ይናዳል፣ ውስጡም አየር አልባ ሊሆን ይችላል።

መንገደኛው
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ካርታው ቀርቷል፣ ቡድኑንም ለሁለት እንከፍላለን። ግን ልጆቹ ወርቅ በዓይናቸው ሳያዩ እንዳይቀሩ፣ በሕግ የሚፈቀድበት ቦታ የለም?

አለት አንባቢ
አለ። በፕሬስኮት አጠገብ ሊንክስ ክሪክ የሚባል ጅረት አለ፤ ወርቅ የተገኘበት በ1863 ነው። በእጅ ሳህን ብቻ ማጠብ የሚፈቀድበት ክፍል ስላለው ድንበሩን ከፕሬስኮት ብሔራዊ ደን ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አገር ቤት ወርቅ አጣቢዎች በገበቴ የሚሠሩት ሥራ ነው። አፈሩን ከጅረቱ መታጠፊያ ከውስጠኛው በኩል፣ ከትልልቅ ድንጋይ ጀርባና ከአለት ስንጥቅ ውሰዱ፤ ወርቅ ከባድ ስለሆነ የሚቀመጠው ወራጁ ሲደክም ነው። ሳህኑን ሁለት ሦስተኛ ሙሉና ውኃ ውስጥ ነክራችሁ የሸክላ አፈሩን በእጅ አሟሙት። ካልሟሟ ወርቁን ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ሳህኑን ሳታዘነብሉ ግራና ቀኝ በደንብ ነቅንቁ፣ ቀጥሎ ጥቂት አዘንብላችሁ የላይኛውን ብቻ እጠቡ፣ እንደገና ነቅንቁ። ጀማሪ ወርቁን የሚያጣው መነቅነቁን ትቶ ማጠብ ላይ ሲቸኩል ነው። የእጅ ቅባትም ደቃቁን ወርቅ ያንሳፍፈዋል፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው፤ ሲደርቅ በወረቀት በተጠቀለለ ማግኔት ብረት አዘሉን አንሱለት።

የሰነድ ሰው ከላይ ያነሳው የብራድሾ ተራራም በዚያው በኩል ነው፤ ዋልትዝ በስሙ ያስመዘገበው።