«የተዘጋ ፋይል» የሚሉት የማንን ፋይል ነው?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
እሁድ ከቅዳሴ መልስ የዕድር ስብሰባ ነበር። እናታችን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የታላቅ ወንድሜ የሠራዊት ስንብት እንደገና እንዲታይ ልታመለክት ነው፤ ዕድሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልኝ አለች። አንድ የቀድሞ መኮንን ተነሡና «የተዘጋ ፋይል ነው። የተዘጋ ፋይል መክፈት ቆሞ የተዋጋውን ማዋረድ ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች። እኔ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ወንድሜ በ1990 ነው የዘመተው። ዛላምበሳ ግንባር ነበር። በ1993 ሲመለስ የያዘው ወረቀት «በሥነ ምግባር ጉድለት ተሰናብቷል» ይላል። ጉድለቱ ምን ነበር? ሦስት ቀን ከቦታው ጠፋ። የት ተገኘ? ጓደኛው የሞተበት ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ። ዛሬም ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው። ሐምሌ ላይ ጣና በኩል ሲያስገመግም አልጋ ሥር ነው የምናገኘው። ታዲያ የተዘጋው ምኑ ነው?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከጀርባ አላወራም። እናትህን እንደ እህቴ አከብራታለሁ። ግን አንድ ሰው ከቦታው ሲጠፋ አጠገቡ ያለው ጎኑ ባዶ ይቀራል። እኔ ጎኔ ባዶ ሆኖ አድሬያለሁ። እኔም ሌሊት እቃዣለሁ። ማን ጠየቀኝ? ዛሬ ይሄ ፋይል ከተከፈተ ነገ መሣሪያውን ጥሎ የሮጠ ሁሉ «አሞኝ ነበር» ብሎ ይመጣል።

ባለታንኳው፦
ጋሼ፣ ልጁ ወደ ኋላ አልሮጠም እኮ። ምሽግ ውስጥ ነው የተገኘው። ከጦርነት የሸሸ ሰው ተመልሶ ምሽግ ይገባል?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ከቦታው ጠፍቷል። የት ሄደ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሲስተር፦
ሌላ ጉዳይ አይደለም ጋሼ። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። አሰቃቂ ነገር ያየ ሰው አንዳንዱ ቦታውን ዳግም ማየት አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ በሐሳቡ ከዚያ አይወጣም። እንቅልፍ ያጣል፣ ይደነግጣል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ትእዛዝ ይረሳል። አለቃው የሚያየው ጠባዩን ነው። ቁስሉን አያየውም። ሕመሙ ከወራት በኋላ የሚብስበትም አለ። በስንብቱ ቀን ሐኪም አይቶታል ወይ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
አላየውም ሲስተር። ወረቀቱ ላይ የአለቃ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው ያለው። አራት ቦታ ታጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ እናቴ ሙዳይ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማኅተሙ ፈዟል። «ጉድለት» የምትለዋ ቃል ግን ጥርት ብላ ትነበባለች።

ቨርጂኒያ ያለሁ የባሕር ዳር ልጅ፦
የተዘጋ ፋይል አይከፈትም ለሚለው ሁለት ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮበለሉ፣ ፈሩ ብላ የረሸነቻቸውን 306 ወታደሮች በፈረንጆች 2006 በሕግ ይቅር ብላለች። 90 ዓመት ገደማ አልፎ! አሜሪካ ደግሞ ይሄ ሲስተር ያለችው ሕመም (PTSD የሚሉት) በሐኪሞች መዝገብ በስሙ የገባው በፈረንጆች 1980 ነው፤ የቬትናም ጦርነት ካለቀ በኋላ። ስለዚህ ብዙ ወታደር ታሞ ሳለ በመጥፎ ወረቀት ተሰናብቷል። በፈረንጆች 2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል የእነዚህ ሰዎች ማመልከቻ በሰፊ ልብ ይታይ ብለው መመሪያ አወጡ። በ2017 ደግሞ መመሪያው ሰፋ። ስንብቱን የሚያየው ቦርድ ውስጥም የአእምሮ ጤና የሚያውቅ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት እንዲቀመጥ ሕጋቸው ያዛል።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
«በሰፊ ልብ»! ፍርድ በልብ ነው እንዴ የሚሰጠው? በማስረጃ ነው። ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ የማን ልብ ነው የሚሰፋው?

ቨርጂኒያ ያለሁ የባሕር ዳር ልጅ፦
ጋሼ፣ ማስረጃ አይፈለግም አላልኩም። የቤተሰብና የጓደኛ ቃልም እንደ ማስረጃ ይቆጠራል ነው ያሉት። የጊዜ ገደብም አላቸው፤ አንዱ ቦርድ 15 ዓመት ያለፈውን አያይም፣ ለእሱ ሌላ ቦርድ አለ። በር ዘግተው አልሄዱም።

የዓባይ ማዶ ሰው፦
እዚህ እኮ አሜሪካ አይደለም። የራሳችንን እናውራ። ጥያቄው የክብር ብቻ አይደለም፣ የእንጀራም ነው። በጡረታ ሕጋችን 10 ዓመት ሳያገለግል በሕመም የተሰናበተ ሰው ዳረጎት (አንዴ የሚከፈል ገንዘብ) ቢያገኝ ነው እንጂ የዘለቄታ አበል የለውም። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው ተብሎ በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እግሩ የተቆረጠ ቦርድ ይቀርባል። አእምሮው የተመታ ግን «ጠባዩ ተበላሸ» ተብሎ ይሸኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቀበሌ 14፦
ሁሉንም በጦርነት አታሳቡ። ጫትና አረቄ ስንቱን ነው ያበላሸው። ሰውዬውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግብዣ ላይ ጠጥቶ ሲጮህ አይቻለሁ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
ከመዝመቱ በፊት ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። የሰንበት ተማሪ ነበር። አይተኸው ከሆነ ለምን ቤቱ አላደረስከውም?

ቀበሌ 14፦
ስድብ አላወራሁም ወንድሜ። ያየሁትን ነው ያልኩት።

ባለታንኳው፦
እኔም ያየሁትን ልናገር። ከእኔ ጋር ዘጌ ተመላልሷል። ማዕበል ሲነሳ ከሁላችን ቀድሞ የሚረጋጋው እሱ ነው። ውሃ አያስፈራውም። የሚያስፈራው ድንገተኛ ድምፅ ነው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ወደቡ ላይ ቆርቆሮ ጣለ። መሬት ላይ ተኛ፤ ሲተኛም ከአጠገቡ የነበረችውን ሕፃን በደረቱ ሸፍኖ ነው የተኛው። ፈሪ እንዲህ ያደርጋል?

እማሆይ ወለቱ፦
ልጄን ጠበል አስገቡልኝ። ሰባት ቀን ይጠመቅ።

ሲስተር፦
እማሆይ፣ ጠበሉንም ይጠመቅ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደግሞ የአእምሮ ሕክምና አለ፣ እዚያም ይታይ። የጀመረውን መድኃኒት ግን ለጠበል ብሎ እንዳያቋርጥ አደራ። ይሄን ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሶበት ይመጣል።

እማሆይ ወለቱ፦
መድኃኒት ያቋርጥ መች አልኩ፣ የኔ ልጅ።

የአስር አለቃ ሚስት፦
እኔ ደግሞ ሌላውን ላሳያችሁ። የኔ ባል በቦርድ ነው የተሰናበተው። ሐኪም አይቶታል፣ ወረቀቱ ላይ «የአእምሮ ሕመም» ተብሎ ተጽፏል። ሁላችሁ ለዚያ ልጅ የምትመኙለትን ወረቀት እኛ አለን። በዚያ ወረቀት የጥበቃ ሥራ ሊቀጠር ሄደ፣ አንብበው መለሱት። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ወሬው ደርሷቸው ቀሩ። ባሌ ከዳነ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ወረቀቱ ግን አልዳነም። እኔም ፋይሉ እንዲከፈት እፈልጋለሁ። ለክርክራችሁ ሳይሆን አሁን ያለበት ጤና እንዲጻፍበት።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
እታለም፣ እውነትሽን ነው። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እኔ «በጤና» ተብሎ ቢስተካከል ሁሉ ነገር ያልቃል ብዬ ነበር።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
አያችሁ? አንዱ ሕመም ይጻፍልኝ ይላል፣ ሌላዋ ሕመም ይፋቅልኝ ትላለች። ሠራዊቱ ለየሰዉ እንዲመቸው ወረቀት ሲጽፍ ሊውል ነው።

የአስር አለቃ ሚስት፦
ሁለታችንም የምንለው አንድ ነው ጋሼ። የሆነው ይጻፍ። ታሞ ከሆነ ታሟል፣ ከዳነ ድኗል። ደግሞ እርስዎ ራስዎ «እኔም እቃዣለሁ፣ ማን ጠየቀኝ» አሉ። እኔ እጠይቅዎታለሁ። ለሐኪም ነግረው ያውቃሉ?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ስለኔ አልተነሳም።

የዓባይ ማዶ ሰው፦
እርስዎ ነዎት ያነሱት ጋሼ።

ቀበሌ 14፦
ሰውዬውን አታስጨንቁ። ለአገር የደከሙ ናቸው።

ባለታንኳው፦
ልጁስ ለአገር አልደከመም?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
አንተ የግሽ ዓባይ ልጅ፣ ወንድምህ የየትኛው ሻለቃ ነበር? የሻምበል መሪው ስምስ? በውስጥ መስመር ላክልኝ። እዚህ እንዳትጽፈው።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
ልኬልዎታለሁ። ደብዳቤውን ይፈርሙልናል ማለት ነው ጋሼ?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
አላልኩም። የሻምበል መሪውን ስም ነው የጠየቅኩት። በሕይወት ካለ ያን ሦስት ቀን ያስታውሰዋል።