ባዝራዬ አልያዝ አለች፤ የስቴም ሴል ሕክምና ያዋጣታል?

ጥያቄ፦ ያለሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። የ14 ዓመት ባዝራ አለችኝ፤ ጥር 23 በፈረሰኞቹ በዓል የምጋልበው ልጇን ነው። በመጨረሻው ወሊድ የእንግዴ ልጁ አድሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተጠቅታ አልያዘችም፤ ነጣ ያለ ፈሳሽም ከጭራዋ ሥር ይደርቃል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ በስቴም ሴል ማህፀን ያክማሉ» አለኝ። ዘሯ እንዳይቋረጥብኝ ነው ጭንቀቴ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦ ጋሼ፣ የእንግዴ ልጅ ከ3 ሰዓት በላይ ከቆየ ለባዝራ አስቸኳይ ነው፤ ችግሩ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል። ስቴም ሴል ከስብ ወይም ከመቅኔ ተወስዶ፣ በላቦራቶሪ ተባዝቶ ማህፀን ውስጥ የሚገባ ሕዋስ ነው። ብግነት ያበርዳል ተብሎ ይሞከራል እንጂ፣ በማህፀን ዕጢዎች ዙሪያ የቆየ ጠባሳ ማጥፋቱ አልተረጋገጠም። ጀርም ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ከማህፀኗ ናሙና ተወስዶ ጀርሙ ይለይ፤ ቅንጣት ሥጋም ተቆርጦ በፎርማሊን ይላክ። ባዝራዋ ሩቅ መሄድ የለባትም፣ ናሙናው ይጓዝ። የሥጋው ውጤት ከቀላል ወደ ከባድ 1፣ 2ሀ፣ 2ለ ወይም 3 ተብሎ ይመደባል። 3 ከሆነ ውርንጭላ የማድረስ ዕድሏ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይወቁት።

መልስ (ኤምሬትስ የፈረስ ጋጣ ውስጥ የሠራ)፦ እኛ ጋ ፒአርፒ ሲሠሩ አይቻለሁ። ከራሷ ከባዝራዋ ደም ቀድተው በማሽን ያሽከረክሩትና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ቅንጣት) የበዛበትን ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ማህፀኗ ውስጥ ያስገባሉ። ሕዋስ ማባዛት ስለሌለበት ከስቴም ሴል ይቀላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚያ ቤት ውስጥ ባጥባትስ?

መልስ (ሐኪሙ)፦ በፍጹም፣ ጋሼ! በውኃና በሳሙና ማጠብ ይጎዳታል። ጀርሙ ከታከመ በኋላ ስትጠቃ ግን፣ ከተጠቃች ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ሐኪም ማህፀኗን በንጹሕ ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ) ይጠብላት፤ ዘሩ ያኔ ወደ እንቁላል ቱቦ ስላለፈ አይታጠብም። ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ቢጨመርላት ማህፀኗ የቀረውን ይገፋል። እንዲህ ባለች ባዝራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ፈሳሽ የማስወጣት አቅም ነው። ፒአርፒም ከዚህ ጋር ይታገዛል፤ ለማህፀን ብግነት በተጋለጡ ባዝራዎች ላይ ብግነት እንደሚቀንስ ታይቷል።

ጠያቂ፦ አሁን ድንጉላ እየፈለገች ነው። ላስጠቃት?

መልስ (ሐኪሙ)፦ ይህን ዙር ይለፉት። ናሙና ለመውሰድ ግን የማህፀን በሯ የሚከፈተው አሁን ነው፤ ነገ ሐኪም ይጥሩ።