መነጽርና ሻሽ ለምታደርግ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚደረግ ሄድፎን ምን ትመክራላችሁ?

ሰሚዋ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። አጥኚዎች ገጠር ወርደው ሰው ያነጋግራሉ። በስልካቸው ይቀዳሉ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ድምፁ ሁሌ ጥሩ አይደለም። ነፋስ አለው፣ ዶሮ አለው፣ ከጀርባ የሚያለቅስ ሕፃን አለው። በቀን ስድስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ስለ ጎረቤታቸው ሲያወሩ «ተናዶ መጣ» ይበሉ «ተናዶ መታ» መለየት አቃተኝ። ከቃሉ በኋላ ነፋሱ ሁሉንም ዋጠው። አሥራ አንድ ጊዜ መልሼ ሰማሁት። በአንዱ ሰውየው መጥቶ የቆመ ነው፣ በሌላው እጁን ያነሳ። የሰው ታሪክ ነው፣ በግምት አይጻፍም። በመጨረሻ «አልተሰማም» ብዬ አለፍኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ያለኝ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ የሚያርፍ፣ ትንሽ ብሉቱዝ ነው። ኦሪጅናል ነው ተብዬ ነው የገዛሁት፣ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመነጽሬን ዘንግ ጆሮዬ ላይ ይጫነዋል። ከዚያ ራስ ምታት ነው። ስፖንጁ እየተላጠ ጥቁር ቅርፊቱ ነጭ ሻሼ ላይ ይራገፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጅ ያልቅና ሥራ ይቆማል። የኮምቦልቻን ወበቅ ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጆሮዬ በላብ ይርሳል።

ያለኝ 5,000 ብር ነው። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም። ጆሮን ሙሉ ለሙሉ የሚውጥ፣ ባለ ገመድ፣ ንግግር አጥርቶ የሚያሰማ እፈልጋለሁ። ገዝቼ ላስተካክለው የምችለው ነገር ካለም ንገሩኝ። መርፌና ክር እችላለሁ።

ካውያ፣ ደሴ ፒያሳ

ሰላም እህቴ። ሬዲዮና ሄድፎን ስጠግን 14 ዓመቴ ነው። እንዳንቺ ራሴን አመመኝ እያለ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው የሚጠይቀኝ የቱ ብራንድ ይሻላል ብሎ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ማስመሪያ ያዢ ነው የምልሽ።

ጉትቻ ከሚንጠለጠልበት ጀምረሽ እስከ ጆሮሽ አናት ለኪው። ከዚያ የጎኑን ስፋት ለኪ። የምትገዥው ሄድፎን የስፖንጁ ቀዳዳ ከዚያ የሚሰፋ መሆን አለበት። ጥልቀቱንም እይ። ጣትሽን ከተሽ የድራይቨሩን፣ ማለት ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል፣ ጨርቅ ወዲያው ከነካሽው ጆሮሽም ይነካዋል። የነካ ጆሮ ግማሽ ሰዓት ይችላል፣ ስድስት ሰዓት አይችልም። ብዙ ርካሽ ሄድፎን «ጆሮ ይውጣል» ተብሎ ይሸጣል እንጂ ቀዳዳው የልጅ ጆሮ ነው የሚያስገባው።

ሁለተኛው መግጠሙ ነው። ይሄን ሳላስረዳ አላልፍም፣ የርካሽ ሄድፎን ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ስፖንጁ ዙሪያውን ገጥሞ ካልተዘጋ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል። ክዳኑ ያልገጠመ ድስት እንፋሎት እንደማይዝ ማለት ነው። የመነጽር ዘንግ ቀዳዳ ይከፍታል። የሻሽ እጥፋትም ይከፍታል። ያኔ ድምፁ ይሳሳል፣ አንቺም መጠኑን ትጨምሪያለሽ። መፈተኛው ቀላል ነው። ሄድፎኑን አድርገሽ የምታውቂውን ዘፈን ክፈቺ። ሁለቱን ጆሮ በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊ። ስትጫኚ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ከፍ ካለ አልገጠመም ማለት ነው። ስትጫኚም ስትለቂም ያው ከሆነ ገጥሟል።

መጠን መጨመር ደግሞ ላንቺ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የድምፁ ኃይል 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳያልፍ ነው። 90 ከደረሰ አራት ሰዓት ብቻ። አንቺ በሳምንት 36 ሰዓት ትሰሚያለሽ። ጥሩ የገጠመ ሄድፎን መጠኑን ቀንሰሽ እንድትሠሪ ያደርግሻል። ጆሮሽ እንጀራሽ ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ጀርባው ዝግ የሆነ ፈልጊ። ክፍቱ አየር ያስገባል፣ ለወበቅም ይሻላል፣ ግን የውጭው ጫጫታ ይገባብሻል። ከሚታመኑት አንዱ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 20 ኤክስ ነው። ዝግ ነው፣ 47 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት)፣ ድራይቨሩ 40 ሚሊሜትር፣ ገመዱ 3 ሜትር። በስልክም በላፕቶፕም ይሠራል። ንግግር ለሚያዳምጥ ሰው ሶኒ ኤምዲአር 7506ን አስበልጣለሁ። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት ነው፣ ብዙ የሬዲዮና የቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ ታይዋለሽ። አዲሱ ከአቅምሽ በላይ ነው፣ ያገለገለ ካገኘሽ ግን አትለፊው። ሱፐርሉክስ ኤችዲ 681 የሚባልም አለ። ለዋጋው ድምፁ የሚገርም ነው፣ ግን ግማሽ ክፍት ነው፣ «ሰ» እና «ሸ»ም ጆሮ ይወጋሉ። እሱ ላይ አንድ ንጣፍ ሶፍት ድራይቨሩ ፊት አስቀምጬ ስፖንጁን መልሼ ስገጥምበት ይለዝባል። አንድ ንጣፍ ብቻ። ሁለት ከሆነ ይታፈናል።

ኦሙንም ሳትጠይቂ አትግዢ። ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 32፣ ባለ 80 እና ባለ 250 ኦም አለው። 250ውን ስልክሽ ላይ ብትሰኪው ድምፁ አቅም ያጣል። አንድ ልጅ ተበላሸ ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። ዕቃው ምንም አልሆነም።

መጥበቁን በተመለከተ፣ ጭንቅላቱ ላይ የሚያርፈው ቅስት ብረት ካለው ከራስሽ ትንሽ የሚሰፋ የመጽሐፍ ቁልል ላይ አልብሰሽ አሳድሪው። ጠዋት ሞክሪው። ካልበቃው ድገሚ። ሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን እንዳትሞክሪ፣ ይሰበራል።

የሐይቅ ልጅ

እኔም ሂጃብ አደርጋለሁ፣ በስልክ ደንበኛ በማስተናገድ ሥራ ሦስት ዓመት ስለሠራሁ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ወንድማችን ያለው ልክ ነው፣ የሻሹን ነገር ግን እኔ ልጨምር።

ከስፖንጁ ስር አንድ ንብርብር ብቻ ይኑር። እጥፋት አይኑር፣ ስፒል በጭራሽ አይኑር። እኔ ጆሮዬ አካባቢ ጨርቁን ጎትቼ ለጥ አደርገውና ነው ሄድፎኑን የማስቀምጠው። ወፍራም ጨርቅ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ሳሳ ያለ ጥጥ ይሻላል። ሺፎን ድምፅ ያሳልፋል፣ ግን ያንሸራትታል፣ ሄድፎኑ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ቤትሽ ውስጥ ከሆንሽ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚሻል አለ። የውስጥ ቆብሽን ከጆሮሽ ኋላ አድርጊና ሄድፎኑን በባዶ ጆሮ ልበሺ። ሻሹን ከላይ ጣል አድርጊው። ሰው ከመጣም ሽፍን ነሽ። ጆሮሽና ድራይቨሩ መካከል ምንም የለም። እኔ ይሄን ሳውቅ ግማሽ የመጠን መጨመሬ ቀረ ወላሂ።

ለላቡ ሁለት የስፖንጅ ልብስ ስፊና ቀያይሪው። አንዱን ስታጥቢ አንዱ ይደርቃል። ላብና ሙቀት ናቸው ያንን ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚልጡት።

ካውያ፣ ደሴ ፒያሳ

የሐይቅ ልጅ፣ አላህ ይስጥሽ። የስፖንጅ ልብሱን እኔም ለደንበኛ አሰፋለሁ። ሸዋ በር አንድ ልብስ ሰፊ አለኝ፣ ከአሮጌ ቲሸርት ይቆርጥልኛል። ጠርዙ ላይ ላስቲክ ይገባበታል። አደራ፣ የመሃሉን ቀዳዳ ክፍት ተዉት። ብዙ ሰው እንደ ትራስ ልብስ ሙሉውን ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ድምፁ ከብርድ ልብስ ስር ይሆንበታል።

የተላጠውን ስፖንጅ በከፋይ የሚቀይሩም አሉ። ምቾቱ ጥሩ ነው፣ አይሞቅም። ግን ከፋይ አየር ያሳልፋል፣ ቤዙ ይቀንሳል። ለሙዚቃ ያሳዝናል፣ ለንግግር ግን ብዙም አይጎዳሽም።

ሦስተኛ ዓመት፣ ኪዮት

ሰሚዋ፣ ጎረቤት ነን። እኔ ኪዮት፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኤሌክትሪካል ነው የምማረው። ስለ «መጣ» እና «መታ» አንድ ነገር ልበል።

ሁለቱን ቃል የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው። «ጠ» ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን አየሩን በአንዴ ነው የምንለቀው፣ ጠብ ትላለች። «ተ» ከተለቀቀ በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ይከተላታል። ልዩነቱ ያለው በዚያች ቅንጣት ጊዜ ውስጥ፣ ከ2 ኪሎ ሄርዝ (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ወደ ላይ ባለው ድምፅ ላይ ነው። የነፋሱ ጉምጉምታ ግን አብዛኛው ታች ነው። ስለዚህ ታቹን ቁረጪ፣ መሃሉን አንሺ።

ዊንዶውስ ከሆነ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ድምፅ የሚያስተካክል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፒስ የሚባለውን መልክ ብትጭኚበት ለአያያዝ ይቀላል። ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጪ። ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ያለውን በ3 ዴሲቤል አንሺ። ይሄ የግድ ነው፦ አጠቃላይ መጠኑን፣ ፕሪአምፕ የሚለውን፣ በ3 ዴሲቤል ቀንሺ። ካልቀነስሽ ጮክ ያለው ቦታ ይሰነጣጠቃል፣ የተሰነጣጠቀ ድምፅ ውስጥ ደግሞ «ጠ» እና «ተ» ይመሳሰላሉ። ኤችዲ 681 ከገዛሽ 8 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ዝቅ አድርጊ፣ ያኔ ሶፍቱም ላያስፈልግሽ ይችላል።

አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት የሚባል አለ። የብዙ ሄድፎን ማስተካከያ ተዘጋጅቶ ተቀምጦበታል፣ ስሙን መርጠሽ መክፈት ብቻ ነው።

የከበደሽን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ቆርጠሽ ፍጥነቱን ቀንሰሽ ስሚው። ቅላጼው ሳይለወጥ የሚያዘገየውን ምረጪ።

ሰሚዋ፣ ኮምቦልቻ

ይኸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ደሴ ወጥቼ ያገለገለ ኤም 20 ኤክስ በ4,200 ብር አገኘሁ። ሻጩ ልጅ ሱቁ ውስጥ አሥር ደቂቃ እንድሰማው ፈቀደልኝ። በመዳፍ መጫኑን ሞከርኩ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሰማሁ፣ ገመዱን ሥሩ ላይ አወዛወዝኩ። ስፖንጁ ደርቆ ነበር፣ በእሱ 300 ብር ቀነሰልኝ።

ጆሮዬን ለካሁት፣ ቁመቱ 6 ሴንቲሜትር ነው። ይገባል፣ ግን ከኋላ በኩል ትንሽ ድራይቨሩን ይነካኝ ነበር። ስፖንጁን አወጣሁና ከስሩ፣ በኋላ በኩል ብቻ፣ ከጨርቅ የጠቀለልኩት ቀጭን ገመድ አስገባሁ። ወደ ውጭ ገፋ አለ። ጆሮዬ ነፃ ወጣ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ መርፌና ክር ይዤ ሳስብ የመጣልኝ ነው። መነጽር ያላችሁ ሞክሩት፣ የዘንጉንም ክፍተት ሞልቶልኛል።

ልብሱን ከወንድሜ አሮጌ ካናቴራ ሁለት ጥንድ ሰፋሁ። መጽሐፍ ላይ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት፣ ቅስቱ ብረት አለው። በባዶ ጆሮ፣ ሻሼን ከላይ ጣል አድርጌ ነው አሁን የምሠራው። ትናንት አራት ሰዓት ሳላወልቀው ሠራሁ፣ ራሴን አላመመኝም። የላፕቶፑ መጠን ድሮ 80 ላይ ነበር፣ አሁን 45 ይበቃኛል።

ያቺን ዐረፍተ ነገርም መልሼ ከፈትኳት። ታቹን ቆርጬ፣ መሃሉን አንስቼ፣ አዘግይቼ። ጠብ የምትለው አለች። «ተናዶ መጣ» ነው ያሉት። ለአጥኚዋ ደወልኩላትና ጽሑፉን አስተካከልን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጋሼ ካውያ፣ ገመዱ 3 ሜትር ነው፣ ወንበሬ እየረገጠው ነው። ላሳጥረው ወይስ ልተወው? እርስዎስ ያሳጥሩልኛል?

ካውያ፣ ደሴ ፒያሳ

ማሻአላህ! የጨርቅ ገመዷን ከነገ ጀምሮ ለደንበኞቼ እሠራለሁ፣ ካንቺ ነው የተማርኩት።

ለጊዜው አትቁረጪው። ትርፉን በሰፊው ጠቅልለሽ በጨርቅ እሰሪው፣ ጠባብ አድርገሽ አትጠምዝዥው። ከጃኩ አጠገብም አይታጠፍ፣ ሁሌም የሚበጠሰው እዚያ ነው። ማሳጠር ከፈለግሽ አምጪልኝ። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ቫርኒሽ የተቀቡ ናቸው፣ ቫርኒሹ በካውያ ካልተቃጠለ የመበየጃው እርሳስ አይዝም። ስለዚህ ራስሽ አትሞክሪው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ሻይ እየጠጣሽ ትጠብቂያለሽ።