የአጭር ጊዜ ኪራይ ፈቃዱ ከቤቱ ጋር አልተላለፈልኝም፤ ቀድመው ቀን የያዙትን እንግዶች ምን ላድርግ?

በተራራማ የመዝናኛ ከተማ ውስጥ 3 መኝታ ክፍሎች ያሉት ቤት ከገዛሁ 2 ወር ሆኖኛል። ሻጩ ቤቱን ለአጭር ጊዜ እንግዶች ያከራይ ስለነበር የፈቃድ ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ዛሬም ከመግቢያው በር ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል፤ እኔም ፈቃዱ ከቤቱ ጋር የሚተላለፍ መስሎኝ ክፍያ የፈጸሙ 5 ቤተሰቦችን ቀጠሮ በሽያጭ ውሉ ተረክቤአለሁ።

ዝውውሩን ስጠይቅ ግን ፈቃድ የሚሰጠው ለባለቤቱ እንጂ ለቤቱ ስላልሆነ ስመ ሀብቱ በተዛወረበት ዕለት እንዳበቃ ተነገረኝ። አዲስ ማመልከቻ አስገባሁ፤ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎችን በየፎቁ አስገጠምኩ፣ የጎረቤት አቤቱታ ሲመጣ በ1 ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ተጠሪ ሰየምኩ፣ ለማረፊያ ግብርም ተመዘገብኩ። መርማሪው ሜትሩን ዘርግቶ የምድር ቤቱን መኝታ ክፍል መስኮት ከለካ በኋላ፣ በእሳት ጊዜ ሰው ሊወጣበት ስለማይችል ክፍሉ እንደ መኝታ እንደማይቆጠር ወሰነ። በአንድ መኝታ ክፍል 2 ሰው፣ በጠቅላላው ላይ 2 ተጨማሪ በሚለው ስሌት የእንግዶቹ ቁጥር ጣሪያ ከ8 ወደ 6 ወረደ። ይህን አልቃወምም፤ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነውና። የከበደኝ የሰፈሩ የፈቃድ ኮታ በመሙላቱ በተጠባባቂነት መመዝገቤ ነው። ያለ ፈቃድ ማስተናገድ አልፈልግም፤ ገንዘባቸውን የከፈሉ ቤተሰቦችን በመጨረሻው ሰዓት መመለስም ያሳዝነኛል።

ባለቤትነት ሲለወጥ ቀድመው የተያዙትን ቀናት ብቻ ለማስተናገድ የሚያስችል ጊዜያዊ ፈቃድ ጠይቃችሁ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄውን በየትኞቹ ማስረጃዎች አስደግፋችሁ አቀረባችሁ?