ጎጀብ ማዶ የማን አካባቢ ነው?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት የክርክር ጥያቄ ይህ ነው፦ ልማት ሲታቀድ “አካባቢ” ተብሎ መያዝ ያለበት የክልልና የዞን ወሰን ያጠረው ነው ወይስ ገበያ፣ ወንዝና መንገድ ያስተሳሰረው? ጥያቄውን ያስነሣው አንድ አባላችን ከጅማ ተነሥቶ በሸቤ በኩል ወደ ከፋዋ ከተማ ወደ ቦንጋ ሲጓዝ፣ የኦሮሚያና የደቡብ ምዕራብ ክልሎች ወሰን የሆነውን የጎጀብ ወንዝ ድልድይ እንደ ተሻገረ “ክልል ለወጥሁ እንጂ አገር አልለወጥሁም” ብሎ የጻፈው አንድ መስመር ነው። መከባበር እንዳለ ሆኖ፣ ሐሳብ አለኝ የሚል ሁሉ ይጻፍ።

የሕርማታው ነጋዴ፦ ያንን መስመር የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ክርክሩንም እኔ ልጀምር። ሕርማታ ከተማ ከመሆኑ በፊት ገበያ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ላይ ሳለ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከከፋም ከሊሙም ከሸዋም የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገናኘው እዚህ ነበር፤ ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ የበቀለችውም በዚያው ገበያ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ገበያው እንዳይፈርስ ከማሰብም ጭምር ነው። ነጋዴ አካባቢን የሚለካው ዕቃው በሚደርስበት፣ ዱቤው በሚታመንበትና ቃሉ በሚከበርበት ርቀት ነው።

አሁን የተሠመረው መስመር ግን ሌላ ነው። አንድ ዓመት በመከር ወቅት ከማዶ የገዛሁትን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አስጭኜ ስመለስ፣ በመሸኛው፣ ማለትም በጭነቱ የይለፍ ወረቀት ላይ የተጻፈው የጆንያ ቁጥር ከጭነቱ በሁለት ጆንያ ስለተለየ ኬላ ላይ አደርሁ። ሌሊት ዝናብ መጣ፤ ሸራው በአንድ ጥግ ተቀዶ ስለነበር ሾፌሩና ረዳቱ በላስቲክ ሲታገሉ ነጋ፣ ጧት ከላይ የነበሩትን ጆንያዎች በእጄ ስዳስስ ረጥበው ነበር። የረጠበ ጀንፈል ሻጋታ ይይዛል፣ ደረጃውም ይወርዳል። የቆጠራ ስሕተቱ የእኔ ሠራተኛ እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ማዶና ወዲህ በአንድ መዝገብ ቢሠሩ ኖሮ አንድ ስልክ ደውሎ ማጣራት ይበቃ ነበር።

የቦንጋው ልጅ፦ ጋሼ፣ በጆንያው መበላሸት ከልብ አዝኛለሁ፤ በክርክሩ ግን አልስማማም። ገበያ ያስተሳሰረው ሁሉ አንድ አካባቢ ነው ሲባል፣ ትስስሩ ማንን ማዕከል ማንን ዳር እንዳደረገ አብሮ መጠየቅ አለበት። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ከፋን ሲወጋ ከዘማቾቹ መካከል የአባ ጅፋር ሰዎች ነበሩ፤ ጅማ ገብራ የዳነችበት ዘመን ለከፋ መንግሥቷ የፈረሰበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በንጉሡም በደርግም ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱም ክፍለ ሀገሩም “ከፋ” ይባል ነበር፤ ዋና ከተማው ግን ጅማ ነበረች። ስሙ የእኛ ሆኖ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ዳኛውና መጋዘኑ ከጎጀብ ወዲያ ተቀመጡ። አባቴ ለአንድ የመሬት ክርክር አምስት ጊዜ ጅማ ተመላልሶ፣ አምስተኛው ላይ ለስንቅ የያዘውን ማር ሸጦ እንደ ተመለሰ ሲያወራ ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ እኛ ያየነው ቢሮ የሚቀርብበትን ዘመን እንጂ አጥር አልነበረም። የክልሉ መቀመጫ በአንድ ከተማ እንዳይከማች በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ መከፈሉን ብዙዎች ያሾፉበታል። የትራንስፖርት ወጪው እንዳለ ሆኖ፣ ማዕከል ከመሆን የራቀ ሕዝብ ለምን እንዲህ እንደሚወስን ለማሾፍ ከመቸኮል በፊት ማሰብ ይገባል።

የፕላን አስተማሪዋ፦ ሁለታችሁም ወሰን የሠራው ሰው እንደሆነ ተቀብላችሁ ነው የምትከራከሩት። ሦስተኛ አመለካከት አለ፤ ብዙ ጉዳት ያደረሰውም እሱ ይመስለኛል፦ የመሐንዲሱ አካባቢ፣ ማለትም ተፋሰስ፣ ውኃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት መሬት ሁሉ። አሜሪካኖች በ1933 እ.ኤ.አ. የቴነሲን ሸለቆ በአንድ ባለሥልጣን ሥር ካደረጉ በኋላ ሐሳቡ ዓለምን ዞሮ፣ በ1954 ዓ.ም. እኛም ዘንድ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በካርታው ላይ አዋሽ አንድ ወንዝ፣ አንድ ዕቅድ ነበር። ለአፋር አርብቶ አደር ግን ወንዙ ዳር ያለው ሣር የበጋ መዳኛው ነበር፤ ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ሲተከልበት፣ ዓመቱን ሙሉ ባይረገጥም “ባዶ” ያልነበረው መሬት ባዶ ተብሎ ተወሰደ። ያ ሕዝብ አካባቢውን የሚያውቀው በወቅትና በመንጋ እንቅስቃሴ እንጂ በሄክታር አልነበረም።

እዚሁ ደጃችን ያለውንም እናንሣ። ከጅማ ደጋ የሚወርደው ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ግድብ ያንቀሳቅሳል፤ ውኃው ከዚያ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወርዶ በኦሞ ዳር 420 ሜጋ ዋት ጊቤ ሁለትን ያሽከረክራል፤ ከዚያም ቁልቁል ጊቤ ሦስት አለ። ለግድቡ ሐይቅ ሲባል ከመሬታቸው ተነሥተው የሰፈሩ የጅማ ዞን ገበሬዎች፣ የኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደሮችና የቱርካና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በአንድ የውኃ መስመር ላይ ናቸው፤ የቱርካና ሐይቅ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከኦሞ ነውና። ተፋሰስን ብቻ አካባቢ ካልን እነዚህ ሁሉ የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ተገናኝተው ግን አያውቁም፣ ቋንቋም አይጋሩም። በወንዝ ተሳስሮ የማይተዋወቅ ሕዝብ ልማቱን ማን ይዳኝለት?

የጌራው፦ እኔ ከተማ ተምሬ ወደ ጅማ ዞን ጌራ ወረዳ የተመለስሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከቃላቱ ልነሣ። በኦሮምኛ “ቢያ” አገርም ነው፣ ቀዬም ነው፤ “ቢዬ” ደግሞ አፈር ነው። አንድ ሽማግሌ “ቢያኮ” ሲል የትኛውን እንደሆነ የሚያሳውቀው አነጋገሩ ነው። በአማርኛም “አገሬ” ስንል ኢትዮጵያንም የተወለድንበትን ቀበሌም ማለታችን ሊሆን ይችላል። “ክልል” ግን ከመከለል የመጣ ቃል ነው፣ ሲሰሙት አጥር ያስታውሳል። “ልማት” የሚለውም መሬት ሲለማ፣ ጠፍ የነበረው ሲታረስ ከማየት የተወሰደ ነው፤ ታዲያ ደኑን ያላረሰ፣ ቀፎ የሰቀለበት፣ ከጥላው ሥር ቡና የለቀመበት ሰው ምን አለማ ይባላል? በእኛ ዘንድ ደኑ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ቀፎውን ማን እንደ ሰቀለ በማየት ነው። በከፋ ጎረቤት በሸካም “ኮቦ” የሚባለው የደን ይዞታ ሥርዐት እንዲሁ የቆመው በቀፎና በዛፍ ላይ ነው። በጌራና በበለጤ ደኖች ደኑን በነዋሪ ማኅበር ለማስተዳደር ሲሞከር ጥሩ የሠራው፣ ይህንን ነባር ዕውቀት መነሻ ስላደረገ ይመስለኛል። የክልል ወሰን ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ዝም ብሎ በላዩ ያልፋል።

የቦንጋው ልጅ፦ የጌራው ወንድሜ ያነሣው እውነት ነው፤ ቀፎ ግን በጀት አይመድብም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ነው ይላል፤ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ በዚህ በር ይገባል። ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. 47 ካውንቲዎችን ሥራ ስታስጀምር፣ ከአገራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው እንዲደርሳቸው በሕገ መንግሥቷ አስቀምጣ ነበር። ወሰን ያለ ገንዘብ ካርታ ብቻ ነው፤ ገበያ ያለ ወሰን ደግሞ ወደ ትልቁ ከተማ ብቻ ይፈሳል።

የፕላን አስተማሪዋ፦ ገንዘቡ በዚያ በር መግባቱን አልክድም። ነገር ግን ጎጀብ ላይ ያለው ድልድይ፣ የቡና በሽታ ቁጥጥርና የደን ቃጠሎ መከላከል በየትኛው በር ይገባሉ? ሁለት ክልሎች ለአንድ ሥራ የሚቀመጡበት የጋራ ጠረጴዛና የራሱ በጀት ከሌለ፣ እያንዳንዱ እስከ ድልድዩ አፍ ሠርቶ ይመለሳል። ስም ደግሞ ከመዋቅር ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል። ሲዳሞ የሚባል ክፍለ ሀገር ከተሰረዘ ስንት ዘመኑ ነው፤ ቡናው ግን ዛሬም በዓለም ገበያ በዚያው ስም ይሸጣል፣ መንግሥትም ከሐረርና ከይርጋጨፌ ጋር የንግድ ምልክት ጥበቃ የጠየቀለት እሱን ነው። ጅማ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም።

የሕርማታው ነጋዴ፦ አዎን፣ ያ ያስቆጨናል። “ጅማ” ሲባል ውጭ ያለው ገዢ የሚያስበው በፀሐይ የደረቀ ርካሽ ቡና ነው፤ ከኢሉባቦርም ከከፋም የተሰበሰበው በዚሁ ስም ሲጫን ኖሯል። የእኛም ስም በዚያ ተጎድቷል።

የቦንጋው ልጅ፦ ጋሼ፣ የእናንተ ስም ሲጎዳ የእኛ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ቡና ከከፋ ደን ወጣ እያልን ለልጆቻችን እያስተማርን፣ ጆንያው ላይ የሌላ አገር ስም እናነባለን። እርስዎ ማዶና ወዲህ በአንድ መዝገብ ይሥሩ ካሉ እስማማለሁ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ጀንፈሉ ከየትኛው ቀበሌ እንደ ተነሣ ይጻፍ፣ ያም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ጆንያ ድረስ ይሂድ።

የሕርማታው ነጋዴ፦ ብዙ ነጋዴ አይወድደውም፤ ከአሥር ገበሬ የተለቀመ ቡና በየቀበሌው መለየት ለአንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) የምናወጣውን የጉልበት ወጪ ይጨምራል። እኔ ግን ለሚቀጥለው መከር ከሸቤ ወዲያ የምገዛውን ለይቼ ልይዘው እሞክራለሁ። ዋጋው ካልተሻሻለ እዚሁ ተመልሼ እጽፋለሁ፤ አንተም ያኔ ልዩነቱን ማን ይክፈል እንደምትል ከአሁኑ አስብበት።